ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተፈረመ ወረቀት



ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ አንድ የፕላስቲክ ማህደር በነጠላዋ ሸፍና መጣች። ቡናዬ ቶና ላይ ደርሶ ነበርና ቁጭ በይ አልኳት። ስኒውን ተቀብላ ሳትጠጣው አስቀመጠችው። "ሲስተር፣ መነጽርዎን ያድርጉና ይህችን ይዩልኝ" አለችኝ።

ልጇን አውቀዋለሁ፤ የሕፃንነት ክትባቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዛሬ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ኳስ ይጫወታል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ግራ እግሩን ያደንቃል። ወኪል ነኝ ያለ አንድ ሰው ውጭ አገር ክለብ አስገባዋለሁ ብሎ ስድስት ገጽ የእንግሊዝኛ ወረቀት ሰጥቷቸዋል። እሑድ ማታ ተመልሶ መጥቶ የእናትና የልጁን ፊርማ ይወስዳል፣ ፓስፖርቱንም እንደዚሁ።

እኔ ነርስ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ወረቀቱን ሳገላብጥ ግን ትዝ ያለኝ አንድ የሩሲያ ልጅ ነው፤ ያውም የእግር ኳስ ሳይሆን የበረዶ ሆኪ ተጫዋች። አትሳቁብኝ፣ እነግራችኋለሁ።

የሆኪን ነገር የቀሰምኩት ከልጅ ልጄ ነው። ልጄ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን አጠገብ ነው። ሁለተኛዋን ስትወልድ አራስ ልጠብቅ ሄጄ የፈረንጆቹን ክረምት እዚያው አሳለፍኩ። ማታ ማታ እኔ ጨቅላዋን ታቅፌ እቀመጣለሁ፣ ትልቁ ልጅ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ፊት ተተክሎ የዋሽንግተን ካፒታልስን ጨዋታ ያያል። አንዲት ጥቁር የጎማ ክብ በዱላ እየመቱ በበረዶ ላይ ይንሸራተታሉ፣ ከግድግዳ ጋር ይላተማሉ። እኔ መጀመሪያ ላይ የምቆጥረው ግብ ሳይሆን የወለቀ ጥርስ ነበር፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ። "እማማ፣ እዪ እዪ፣ ኦቪ!" ይለኛል ልጁ። ኋላ ጨዋታውን ትቼ የተጫዋቾቹን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ፤ እንዴት ከዚያ እንደደረሱ፣ በምን ወረቀት እንደመጡ፣ እነማን እንደተካሰሱባቸው። ከዚያ ወዲያ መተው አልቻልኩም።

ወጉን ላስረዳ። (ዓመቶቹንና ወሮቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በአሜሪካና በካናዳ ያሉት ትልልቅ ክለቦች ኤንኤችኤል በሚባል ሊግ ውስጥ ናቸው። በየዓመቱ ተሰብስበው በተራ በተራ ወጣቶችን ይመርጣሉ፤ ድራፍት ይሉታል። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ስዊድንም ይኑር፣ ፊንላንድም፣ ሩሲያም፣ ስሙ ይጠራል። ከተጠራ በኋላ በዚያ ሊግ ውስጥ ከእሱ ጋር መዋዋል የሚችለው የመረጠው ክለብ ብቻ ነው። ልጁ "የለም፣ እኔ የምፈልገው ያኛውን ነው" ማለት አይችልም። ለእኔ የገባኝ በራሳችን ወግ ነው፤ ድሮ ልጅቷ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ሳለ ሽማግሌ ተልኮ እንደምትታጨው ማለት ነው።

ችግሩ የታጨው ልጅ ሌላ ቤት ውስጥ መኖሩ ነው። ከትንሽነቱ ጀምሮ አሠልጣኝ ቀጥሮ፣ በረዶ አዘጋጅቶ ያሳደገው የአገሩ ክለብ አለ፤ ከዚያ ክለብ ጋር የፈረመው ውልም አለ። ስለዚህ በሁለቱ ቤቶች መካከል ጥሎሽ የመሰለ ነገር ተበጀ። የአሜሪካው ሊግ ከዓለም አቀፉ የሆኪ ፌዴሬሽን ጋር ተስማምቶ ለሚወስደው ተጫዋች ለልጁ አገር ካሳ ይከፍላል። በ2005 በተደረገው ስምምነት ክፍያው ለአንድ ልጅ ወደ 200,000 ዶላር ነበር። ስዊድኖቹም ፊንላንዶቹም ፈረሙ። ሩሲያዎቹ ገንዘቡ ትንሽ ነው ብለው አልፈረሙም። ከዚያ ወዲያ በሩሲያና በአሜሪካ መካከል ያለው ነገር ሽማግሌ የሌለበት ጋብቻ ሆነ።

የእኔ ልጅ፣ ማለቴ በሐሳቤ ልጄ ያደረግሁት፣ ኢቭጌኒ ማልኪን ይባላል። በ1986 የተወለደው በኡራል ተራሮች አካባቢ፣ ማግኒቶጎርስክ በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ነው። የከተማዋ ክለብ ስሙ ራሱ ሜታሉርግ ነው፣ ብረት አቅላጩ እንደማለት። ከክለቡ ጀርባ ያለው ፋብሪካው ነው፤ የከተማው እንጀራም ፋብሪካው ነው። እንዲህ ባለ ከተማ የክለቡ ሰዎች ቤትህ ሲመጡ ማን እንደመጣብህ ለመገመት አያስቸግርም።

በ2004ቱ ድራፍት አንደኛ የተጠራው አሌክሳንደር ኦቬችኪን ነበር፣ በዋሽንግተን። ሁለተኛው ማልኪን፣ በፒትስበርግ ፔንጉዊንስ። ኦቬችኪንን ኋላ እመጣበታለሁ። ማልኪን በ2006 በጋ ሃያ ዓመት ሞላው፤ መሄድ ፈለገ። ክለቡ ገና ውል አለብህ አለ። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ኃላፊዎቹ ቤቱ ድረስ ሄዱ። እንደተነገረው ንግግሩ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዘለቀ። በመጨረሻም አንድ ዓመት ተጨማሪ እጫወታለሁ የሚለውን ወረቀት ፈረመ።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና የራሴን ልናገር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሠራ የሌሊት ተረኝነቴ ስፍር ቁጥር የለውም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትን አውቀዋለሁ። ተረኛዋ የመድኃኒት መጠን ስትጽፍ አንድ ዜሮ የምትጨምርበት ሰዓት ነው፤ ለዚህም ነበር ሁለት ሆነን የምንተያየው። የቀዶ ሕክምና ፈቃድ ወረቀት ይዤ ኮሪደሩ ወንበር ላይ ከተኮራመቱ አባቶችና እናቶች ፊት ስቆም፣ በዚያ ሰዓት "ይህ ምን ይላል?" ያለኝ ሰው ትዝ አይለኝም። "የት ጋ ልፈርም?" ነው የሚሉኝ። ለእነሱ ግድ ነው፤ ደም እየፈሰሰ እስኪነጋ አይጠበቅም። በሆኪ ውል ግን የሚፈስ ደም የለም። እስኪነጋ ቢቆይ፣ ልጁ ተኝቶ ተነስቶ ቁርሱን በልቶ ቢያነበው፣ ማንም አይሞትም። እኔ ክፉ አሳቢ ልሁን፣ ግን እስከዚያ ሰዓት የቆየ ሰው ሌሊቱን ራሱን ፈልጎት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቡድኑ ለልምምድ ወደ ፊንላንድ በረረ። ፓስፖርቱን የያዘው ክለቡ ነበር ይባላል፤ ለጉዞው ሲሆን እጁ ገባ። ኦገስት 12 ቀን ሄልሲንኪ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጓደኞቹ ወደ ልምምዱ ሲሄዱ ማልኪን የለም። ከወኪሉ ጋር ወጥቷል። የአሜሪካ ቪዛ እስኪያገኝ ለጥቂት ቀናት እዚያው ከተማ ተሸሸገ፤ ከዚያ ሎስ አንጀለስ ገባ። ገና ሃያ ዓመቱ ነው። ከአገሩ የወጣው ለልምምድ እንደሚሄድ ሰው ቦርሳውን አንግቦ ነው። እናት ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከፍርድ ቤቱ ክርክር ይልቅ ዓይኔ ላይ የቀረው ያ ቦርሳ ነው።

ፓስፖርት ካነሳሁ አይቀር ልጨምር። ወደ አረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ልጃገረዶችን ጤና በምመረምርበት ዓመታት፣ ተመልሰው የመጡት ሲያወሩኝ ወሬያቸው የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነበር፤ "እንደደረስን ፓስፖርታችንን ወሰዱብን።" ሚሊዮን ዶላር የሚጠብቀው የበረዶ ተጫዋችና የሰው ቤት ልታጸዳ የሄደች የወሎ ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገናኛሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ማልኪን ውሉን ያፈረሰው በአገሩ ሕግ ነው። የሩሲያ የሠራተኛ ሕግ አንድ ሠራተኛ የሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል ይላል። (የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይላል፤ ሐሳቡ ያው ነው።) ይህንኑ ጠቅሶ የመልቀቂያ ደብዳቤ ላከ፣ ሴፕቴምበር ላይ ከፒትስበርግ ጋር ተፈራረመ። ሜታሉርግ የተፈረመ ውል አለኝ ብሎ ኒውዮርክ በሚገኝ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ልጁ እንዳይጫወት እግድ ጠየቀ። በኖቬምበር ፍርድ ቤቱ እግዱን ከለከለ። ልጁ እስከዚያ መጫወት ጀምሯል፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ጨዋታዎች በእያንዳንዱ ግብ አስቆጥሯል። ሩሲያም ትምህርቱን ወሰደች መሰለኝ፣ በ2008 በሠራተኛ ሕጓ ላይ ስለ ስፖርተኞች የተለየ ምዕራፍ ጨመረች፤ ማስጠንቀቂያው አንድ ወር ሆነ፣ ያለ በቂ ምክንያት የሚለቅ ስፖርተኛ ካሳ እንዲከፍል በውሉ መጻፍም ተፈቀደ።

የክለቡን ወገን ሳልናገር ባልፍ ያዳላሁ ይሆናል። ከልጅነቱ ያሳደጉት እነሱ ናቸው። ስምምነት ስለሌለ ልጁ ሲሄድ ሳንቲም አያገኙም። ጓሮህ ያበቀልከውን ዛፍ ጎረቤት አጥር ዘሎ ፍሬውን ሲለቅም ዝም በል ማለት ይከብዳል። በዚያ ላይ ፊርማው የእሱ ነው፤ ሃያ ዓመት የሞላው ጎልማሳ ነው፤ ፈርሞ መካድ ነውር ነው የሚል ካለ መልስ የለኝም። እኔ የምለው ስለ ሰዓቱ ብቻ ነው።

እኔም ባላነበብኩት ወረቀት ተይዣለሁ። ዲፕሎማዬን ስይዝ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከምረቃው በኋላ ተሰልፈን አንድ ቅጽ ፈረምን። ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰውዬ በጣቱ እየጠቆመ "እዚህ፣ እዚህ" ከማለት በቀር የተናገረው የለም። ከኋላዬ ያሉት ይገፉኛል፣ እኔም ለምረቃ የተሠራው ፀጉሬ እንዳይበላሽ ነበር የምጨነቀው። የሁለት ዓመት ግዴታ መስሎኝ ነበር። ሁለቱን ዓመት ጨርሼ አባቴ ሲታመም ወደ ቤት ለመቅረብ መልቀቂያ ጠየቅሁ። ቅጹ ከማህደሬ ወጣ፤ አራት ዓመት ይላል፤ ከሥሩ ፊርማዬ አለ። ያን ጊዜ ፊርማዬ ያምር ነበር። አባቴን ያስታመምኩት በሰው ነው፣ የቀበርኩት በሦስት ቀን ፈቃድ ነው። ነርስ የጠፋበት ጤና ጣቢያ ነበርና ያልለቀቁኝ ሰዎች ምክንያት አልነበራቸውም አልልም። ብቻ እስካሁን ማህደር ሲከፈት ድምፁ ያስደነግጠኛል።

አሁን ወደ ኦቬችኪን። እናቱ ታትያና ኦቬችኪና በ1976 እና በ1980 ለሶቭየት ኅብረት በቅርጫት ኳስ የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጡ ሴት ናቸው። ስፖርትንም ክለብንም ከውስጥ ያውቁታል፤ የልጃቸው የውል ድርድር ውስጥም እጃቸው አለበት። በ2008 ከዋሽንግተን ጋር ለ13 ዓመት በ124 ሚሊዮን ዶላር ሲዋዋል ወኪል አልነበረውም። ነገሬ ግን ከዚያ በፊት በ2005 የሆነው ነው። ልጁ ያደገበትን ዲናሞ ሞስኮን ትቶ አቫንጋርድ ኦምስክ ከሚባል ሌላ ክለብ ጋር ፈረመ። ውሉ መውጫ ነበረው፤ እስከዚህ ቀን ድረስ ወደ አሜሪካ መሄድ ከፈለግህ ትሄዳለህ የሚል። ቀኑ ሳያልፍ ሄደ።

ዲናሞ በበኩሉ፣ አቫንጋርድ የሚከፍለውን እኔም እከፍላለሁ፣ በአገራችን ደንብ መሠረት ልጁ የእኔ ነው አለ። የሩሲያ ሆኪ ፌዴሬሽን የግልግል ኮሚቴም ለዲናሞ ፈረደ። ዲናሞ ያን ፍርድ ይዞ ዋሽንግተን ወዳለው ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። በጃንዋሪ 2006 ፍርድ ቤቱ የጠየቀው፣ እኔ በገባኝ ቋንቋ፣ ይህን ነው፤ ልጁ በዚህ ግልግል እዳኛለሁ ብሎ ከእናንተ ጋር የፈረመው ወረቀት የታለ? ወረቀቱ አልነበረም። ክሱ ውድቅ ሆነ። የልጅ ልጄ ኦቪ እያለ የሚጮህለት እሱን ነው፤ በኤፕሪል 2025 የዌይን ግሬትዝኪን የግብ ክብረ ወሰን ሰብሮ 895ኛዋን አስቆጠረ። እኔ ግን ከግቦቹ ሁሉ ያቺን ያልተፈረመች ወረቀት እወዳታለሁ።

ተጫዋቾቹ ሁልጊዜ ተበዳይ ናቸው እንዳትሉኝ። አሌክሳንደር ራዱሎቭ ከናሽቪል ክለብ ጋር የአንድ ዓመት ውል እየቀረው በ2008 ወደ ሩሲያ ተመልሶ፣ ያኔ ገና በተቋቋመው ኬኤችኤል በሚባለው ሊግ ሳላቫት ዩላየቭ ከሚባል ክለብ ጋር ፈረመ። ናሽቪል አገደው። ወደዚያ የተመለሰው በ2012 ነው። ወረቀት በሁለቱም አቅጣጫ ይቀደዳል።

ከሁሉም የከበደኝ የኢቫን ፌዶቶቭ ነው። በረኛ ነው። በሜይ 2022 ከፊላደልፊያ ፍላየርስ ጋር ተፈራረመ፤ በጁላይ መጀመሪያ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ወታደራዊ አገልግሎት ሸሽተሃል ተብሎ ተያዘ፣ ወደ ሰሜን ተላከ። አገልግሎቱን ሲጨርስ በ2023 የቀድሞ ክለቡ፣ የጦር ሠራዊቱ ክለብ የሚባለው ሲኤስኬኤ፣ አዲስ ውል አስፈርሞት ተገኘ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የፊላደልፊያው ውል ይጸናል ብሎ ልጁን እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዳይጫወት አገደው፣ ክለቡንም ለአንድ ዓመት ከውጭ ዝውውር ከለከለው። ልጁ እዚያው ሲጫወት ከረመ። በማርች 2024 ሲኤስኬኤ ውሉን አቋረጠና ፊላደልፊያ ገባ። እዚህ ላይ አንብብ፣ ጠበቃ አማክር የሚለው ምክሬ ወዴት እንደሚገባ አላውቅም።

የማልኪንን ልጨርስ። በ2009 ፒትስበርግ ዋንጫውን ሲያነሳ የማጣሪያው ኮከብ ተብሎ ተሸለመ፤ እንዲህ የተባለ የመጀመሪያው ሩሲያዊ እሱ ነው። በ2012 የአሜሪካው ሊግ ባለቤቶችና ተጫዋቾች በገንዘብ ተጣልተው ጨዋታ ሲቆም ማልኪን የት ሄዶ ተጫወተ መሰላችሁ? ማግኒቶጎርስክ፣ በዚያው በሜታሉርግ ማሊያ። አምልጦ የወጣበት ቤት ተመልሶ ገባ፤ እነሱም ተቀበሉት። ይህን ሳነብ ለብቻዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ አልነገርኳትም፣ ቡናው ይቀዘቅዛል። ወረቀቱን ግን አብረን አየነው። ስንት ዓመት እንደሚያስር ሦስተኛው ገጽ ላይ አለ፤ አምስት። ልጁ መውጣት ቢፈልግ እንዴት እንደሚወጣ የትም የለም። ጠብ ቢነሳ የሚዳኘው ወኪሉ ቢሮ አለኝ በሚልበት አገር ነው። ደግሞ ልጁ ገና አሥራ ሰባቱ ነው፤ ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለን ተጫዋች ከአገር አገር ማዛወር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር እንደሚከለክል የልጄ ባል በስልክ ነገረኝ። እንዲያ ከሆነ ይህ ሰውዬ የትኛው ክለብ ነው የሚያስገባው? የክለቡ ስም ወረቀቱ ላይ የለም።

"ታዲያ ምን ልበለው?" አለችኝ።

"ማታ ሳይሆን በቀን ይምጣ በይው" አልኳት። "የአማርኛ ትርጉሙን ይዞ ይምጣ። ጠበቃ እስኪያየው ይታገሥ። ፓስፖርት እንዳትሰጪው፣ ኮፒ ይበቃዋል።"

ልጁ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። "ዕድሌን እኮ ልታበላሹብኝ ነው!" አለ። ድምፁ ተሰበረ። ቤቱ ያለውን አውቃለሁ፤ አባቱ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፣ ሁለት ታናናሾች አሉት። ያ ስድስት ገጽ ወረቀት ለእሱ የቤት ኪራይ ነው፣ የእናቱ ዕረፍት ነው። የምመልስለት ቃል አላገኘሁም።

እሑድ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሰውዬው መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ሹራብ እየሠራሁ። እናትየዋ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ ያልኳትን አለችው። ክለቡ እስከ ዛሬ ማታ ብቻ ነው የሚጠብቀው አላት። ነገ ቀን ይምጡ አለችው። ማህደሩን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። ዛሬ ይህን ስጽፍ ሐሙስ ነው፤ አልተመለሰም።

ልጁ አይናገረኝም። ትናንት ጠዋት ግን በበሬ በኩል ሲያልፍ ኳሷ አጥሬን ዘላ ጎመኔ ላይ ወደቀች። አንስቼ ወረወርኩለት። በደረቱ አበረዳት፣ በግራ እግሩ አስቀመጣትና ቀና ብሎ ሳያየኝ ወደ ሜዳው ሮጠ።

ቸር ያሰንብተን።